ወደ ድምፅ ማጉያው ያዛወሩኝ ጊዜ

ከልጅነቴ ጀምሮ ተብታባ ነኝ። የምለው ቃል ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ከንፈሬ ዘንድ ሲደርስ ግን ይቆማል። ጉሮሮዬ ይታነቃል፣ አገጬ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያዳምጠኝ ሰው አፍሮ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። አንዳንድ ቀን ያለ ችግር አወራለሁ። አንዳንድ ቀን ሻይ ለማዘዝ እንኳ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ብርጭቆ በጣቴ አሳያለሁ። ቀኑ የትኛው እንደሚሆን አፌን ከመክፈቴ በፊት አውቄ አላውቅም።

ሳዜም ግን አልንተባተብም። የኔታ ዘንድ ፊደል ስንቆጥር ከልጆቹ ሁሉ ኋላ የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ ዜማ ስንጀምር አንደበቴ ተፈታ። ዲያቆን ሆኜ ቅዳሴ ስገባ፣ መልእክት ሳነብ፣ አንዲት ፊደል አታደናቅፈኝም። እንዴት እንደሆነ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እኔም አላውቀውም። ዜማው እጄን ይዞ የሚወስደኝ ይመስለኛል፤ ተራ ንግግር ላይ ብቻዬን እቀራለሁ።

ኮሌጅ ጨርሼ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። ከየወረዳው የምንጭና የጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ ይመጣልናል፤ እንመረምራለን፤ ይጠጣል ወይም አይጠጣም ብለን ውጤቱን ጽፈን እንልካለን። ሁለት ነበርን፤ እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት፣ ሳቂታ ሴት። ስናገር አፌ ላይ ያለውን ቃል ነጥቃ አትጨርስልኝም ነበር። እጇን ከሥራዋ ሳታነሳ ትጠብቀኛለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ያለ ፍርሃት እንደሠራሁ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው።

አንድ ክረምት የሠራተኛ ድልድል መጣ። መሥሪያ ቤቶች እየታጠፉ ሰው ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወር ጀመር። አንዳንዱ ደስ ብሎት ሄደ፣ አንዳንዱ እያጉረመረመ። የእኔ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ቆሜ አነበብኩትና ተቀመጥኩ። ከላቦራቶሪ ወደ ሕዝብ መረጃ ክፍል ተዛውሬያለሁ። ደረጃዬ ያው፣ ደመወዜ ያው። ሥራው ግን ሞንታርቦ በተጫነበት ፒካፕ ገበያ ለገበያ እየዞሩ በማይክ ማስታወቂያ መናገር ነው።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጥኩ ማለት እችላለሁ።

«ግባ፣ ዲያቆን፣» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ደብቄ ብናገር ሐሰት ይሆንብኛል። እኔ የማገለግልበት ደብር ያስቀድሳሉ። «ላቦራቶሪው ኬሚካል የለው፣ በጀት የለው። እዚያ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ? እሑድ እሑድ እሰማሃለሁ እኮ! እንዲህ ያለ ድምፅ ጠርሙስ ሲያጥብ መኖር የለበትም።»

«ጌ... ጌታዬ፣ እኔ መ... መ...»

«መናገር አልችልም ልትለኝ ነው። ፍርሃት ነው እሱ። ስትለምደው ይለቅሃል። እኔስ መጀመሪያ ስብሰባ ስመራ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ የለ?»

ሊጎዱኝ ፈልገው ቢሆን ኖሮ እናደድ ነበር። የጠቀሙኝ መስሏቸው ስለነበር የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ።

የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ ይጁቤ ነበር፣ በገበያ ቀን። ከከተማው በታች ያለው ምንጭ ጎርፍ ገብቶበት ተበክሏል። ናሙናውን ላቦራቶሪ እያለሁ የመረመርኩት እኔው ነኝ፤ ውጤቱ እንዴት ያለ መጥፎ እንደነበር ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሰው ሳያፈላ እንዳይጠጣ መንገር ነበረብኝ። መንገዱን ሁሉ ጽሑፉን በልቤ ደጋገምኩት። ሹፌሩ አላናገረኝም፤ የመንገዱን ጭቃና ከፊታችን የሚመጣውን መኪና ብቻ ያያል። ያን ሰሞን አካባቢው ሰላም ስላልነበረ መንገዱ ላይ የሚያልፍ ሁሉ ተሳቅቆ ነበር የሚያልፈው።

ደግሞም ያን ሰሞን ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ሲመጣ ሰው በደግ አያየውም ነበር። መንገድ መዘጋቱ፣ ገበያ መበተኑ፣ ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት እንዳለበት የሚነገረው በእሱ ነው። እህል ተራው አጠገብ ስንቆም ገበያተኛው ገና ከአሁኑ ዞር ዞር እያለ ያየን ጀመር። ማይኩን ያዝኩ። ጽሑፉ «አስቸኳይ ማስታወቂያ» ብሎ ይጀምራል።

«አስ...» አልኩ። ድምፄ ከሞንታርቦው ወጥቶ ከቆርቆሮዎቹ ጋር ተጋጭቶ ወደ እኔ ተመለሰ። «አስ... አስ... አስቸ... አስ...»

ገበያው ጸጥ አለ። የሚስቅ ሰው ብጠብቅም የሳቀ አልነበረም። ሰዎቹ ፊቴን አዩ፤ በፊቴ ላይ ያዩትም ፍርሃት ነው። የሚንቀጠቀጥ አገጭ፣ የፈጠጠ ዓይን፣ ከአፉ ሊወጣ ያልቻለ አንድ ቃል፣ ቃሉም አስቸኳይ የሚል።

«ምንድን ነው? ምን መጣ?» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀም። አንዱ አህያውን ነድቶ ሮጠ፣ ከኋላው ሌላው ተከተለ። ሴቶች በርበሬያቸውን ከነማዳበሪያው እየጎተቱ፣ ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ተበተኑ። «ውሃ ነው! ውሃ ነው!» ማለት ፈለግሁ፣ አንዱም አልወጣም። ከመኪናው ጎን እንቁላል በቅርጫት ይዘው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ለመነሳት ሲሞክሩ የሚሮጥ ሰው ገፍቷቸው በእጃቸው ላይ ሲወድቁ አየሁ።

«አጥፋው! ማይኩን አጥፋው!» አለኝ ሹፌሩ። ሞተሩን አስነስቶ ወጣን። ሰውነቴ ከበሩ ጋር እየተላተመ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየሁ። አሮጊቷ ገና አልተነሱም ነበር።

ለኃላፊው የሆነውን ሹፌሩ ነገራቸው። እሳቸውም አዘኑ። «መጀመሪያ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በሌላ ወረዳ እንጀምርሃለን» አሉ። የምንጩ ነገር በዚያው ተረሳ።

እኔ ግን አልቻልኩም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ወደ ይጁቤ ሄድኩ። አውቀውኝ ቢደበድቡኝስ እያልኩ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አጣፍቼ ገበያው ውስጥ ገባሁ። አሮጊቷ እዚያው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ቀኝ እጃቸውን ወጌሻ በቀርከሃ አስሮላቸዋል። እንቁላሉን የምትሸጠው ልጅ ያዘለች ሴት ልጃቸው ናት።

«እማማ፣» አልኩ፣ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ ብዬ። «ባ... ባለፈው ገበያ...»

ትኩር ብለው አዩኝ። «አንተ ነህ? የመኪናው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ሴትዮዋ ከእንቁላሉ ቀና ብላ፣ «እግዜር ይይልህ!» ማለት ስትጀምር እናቷ በደህና እጃቸው ዝም አሰኟት።

«ምን ልትል ነበር፣ ልጄ፣ ያን ለት?»

እዚያ ቁጢጥ እንዳልኩ የጀመርኩትን ቃል ለመጨረስ የፈጀብኝ ጊዜ አሁንም ያስጨንቀኛል። ጠበቁኝ። እህል የሚገዛ ሰው በላያችን እየተሻገረ ሲያልፍ ዓይናቸውን ከአፌ አላነሱም።

«ው... ውሃው ተበ... ተበክሏል። ሳ... ሳይፈላ እንዳይጠጣ ነው።»

«የቱ ውሃ?»

«ከ... ከታች ያለው ምንጭ። የ... የመረመርኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የልጇን እግር ያዘች። «እሱኑ አይደል እንዴ የምንጠጣው?» አለች። «ልጁን እኮ ሆዱን ካመመው ሰነበተ።»

ልጁ በጀርባዋ ላይ እንዳለ ራሱን ጥሎ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ጤና ጣቢያ ውሰጂው ለማለት አፌን ስከፍት ገና ካሁኑ ተነስታለች። እንቁላሉን እንደተዘረጋ ትታ፣ እየሄደች፣ በገበያው መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የታችኛው ምንጭ ተበክሏል! አትጠጡ! አፍሉት! መርማሪው መጥቶ ነገረን!» እያለች ትጮህ ጀመር። ከእሷ አንዷ ተቀበለቻት፣ ከአንዷ ሌላዋ። እኔ እዚያው ከአሮጊቷ ጋር እንቁላሉን ስጠብቅ ቆየሁ። ልጁ በኋላ እንደዳነ ሰማሁ። ያን ቀን ግን ይድን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ነው በሚኒባስ የተመለስኩት።

በማግስቱ ኃላፊውን መኪናው ላይ ሁለተኛ እንደማልወጣ በወረቀት ጽፌ ነገርኳቸው፤ በአፌ ብጀምረው ይጨርሱብኝ ነበርና። አንብበው ፊታቸው ጠቆረ።

«የመንግሥት ሠራተኛ የታዘዘበት ይሠራል፣» አሉኝ። «እምቢ ካልክ ሥራህን እንደተውክ ነው የምቆጥረው። ይህን እወቅ።»

ቅሬታ ለሚሰማው ኮሚቴ አመለከትኩ። ደረጃውም ደመወዙም ስላልተነካ በደል የለም አሉኝ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ የሠራተኞችን ይግባኝ የሚያየው ችሎት ነበር። የማውቃቸው ሁሉ መከሩኝ፤ አንዳንዱ ከመንግሥት ጋር አትከራከር፣ ነገ ሌላ ምክንያት ፈልገው ያባርሩሃል አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል ብዬ እፈራ ነበር። መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየሁ ስለ እኔ ይመስለኛል።

አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ታግሠው ሰሙኝ።

«እውነቱን ልንገርህ፣» አሉ። «መሥሪያ ቤቱ ጠንካራ መሠረት አለው። በደረጃና በደመወዝ እኩል ወደሆነ ቦታ ሊያዛውርህ ይችላል። ያለህ መከራከሪያ ሥራው ከሙያህና ከችሎታህ ጋር አይገናኝም የሚለው ብቻ ነው። አቤቱታውን እጽፍልሃለሁ። ችሎት ላይ ግን እኔ በደህና አንደበት ስለ አንተ መንተባተብ ብናገር ማን ይሰማኛል? አንተው ትቆማለህ።»

«እ... እኔ?»

«አንተ።»

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም እላታለሁ። ይህን ስነግራት አሰብ አደረገችና፣ «እንግዲያው ጨመር አድርግበት» አለችኝ። «ትንሽ በዛ አድርገህ ብትንተባተብ ማን ያውቃል? ሐሰት አይደለም እኮ፣ ያለብህን ነው።»

«አልችልም፣ እታለም።»

«ለምን?»

አልነገርኳት። በሐሰት ብንተባተብ ተመልሶ የማይለቀኝ፣ ቅዳሴው ላይ ሳይቀር የሚከተለኝ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት ለሰው ሲነገር ያሳፍራል።

የችሎቱ ቀን ጠዋት ጭጋጉ እስከ መንገዱ ወርዶ ነበር። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት። ከመሥሪያ ቤቱ በኩል የቆመው የሕግ ባለሙያ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ከገባሁ ጀምሮ በአክብሮት ነበር ያየኝ፤ ያም አስፈራኝ።

«ክቡራን ዳኞች፣» አለ ተራው ሲደርስ፣ «አመልካች በሕዝብ ፊት መናገር አልችልም ይላሉ። ይህን እንዲመለከቱልኝ እጠይቃለሁ።» ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ ከፈተ።

በጥምቀት ዕለት የተቀረጸ ነው። ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር ቆሟል፣ ድምፅ ማጉያም አለ፣ እኔም መካከሉ ላይ ቆሜ አዜማለሁ። ድምፄ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሞላ። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ባለ ነገር ይኮራ ነበር። እኔ ወንበሩን ጨብጬ እንዲያጠፋው እለምን ነበር፣ በልቤ። ዳኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ያ ዜማ ነው ሊሉ ይችላሉ፣» አለ የሕግ ባለሙያው። «እንግዲያው የታዘዙትን ማስታወቂያ እዚሁ ያንብቡልን።»

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ፈቃደኛ ነዎት?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ወረቀቱ ተሰጠኝ። ያው የይጁቤው ጽሑፍ ነው። ተነሣሁ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ያለ አንዳች እንቅፋት አነበብኩት። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። አስቸኳይ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ እንድናገር ስጸልይ ኖሬ የደረሰልኝ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ነው። ንባቡን ስጨርስ እታለም ከኋላ ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ይዛ አየኋት።

«ተጨማሪ የለኝም፣» አለ የሕግ ባለሙያው፣ ተቀመጠ።

ማብቃቱ ነው አልኩ። አታላይ ተብዬ ነው ከዚህ የምወጣው። ከሥራ መባረሩ ሳያንስ በደብሩ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ አስመስሎ የሚንተባተብ ሊለኝ ነው።

ሰብሳቢዋ ጥቂት ጻፉና ቀና አሉ። «አመልካች፣ በዚህ ላይ የሚሉት ካለ እንሰማዎታለን። በቅድሚያ ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። ሙሉ ስምዎን ይናገሩ።»

አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

ስሜ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ፣ ሌላ ቃል ልተካበት የማልችል። በሌላ ጊዜ አንድ ቃል እምቢ ሲለኝ በዙሪያው እሄዳለሁ፤ ውሃ ማለት ሲያቅተኝ ምንጭ እላለሁ። በስም ዙሪያ መሄጃ የለም። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ አንገቴ ወደ ጎን ተጠመዘዘ፣ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይመታ ጀመር። የጸሐፊዋ ኪቦርድ ቆመ። የችሎቱ አስተናጋጅ አዝኖልኝ መዝገቡን አየና፣ «ስሙ...» ብሎ ሲጀምር ሰብሳቢዋ እጃቸውን አነሱ።

«ይተዉት። ራሳቸው ይናገሩ።»

ያኔ የጠላኋቸውን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም። እንባዬ በጉንጬ ወረደ። የሕግ ባለሙያው ጠረጴዛውን ያያል። ስሜ ተቆራርጦ፣ ፊደል በፊደል ሆኖ ሲወጣ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ጠረጴዛውን ይዤ ነበር።

«አሁን ያነበቡት ደህና ነበር፣» አሉ ሰብሳቢዋ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ምን ሆነ?»

«አ... አላውቅም። የ... የትኛው ቀን እንደሚሆን አላውቅም። ሕዝቡ ደግሞ ው... ውሃውን የሚጠጣው በየቀኑ ነው።»

ከዚያ የይጁቤውን ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ገበያው እንዴት እንደተበተነ፣ የአሮጊቷ እጅ፣ በጀርባ ላይ ራሱን የጣለው ልጅ። አንድም ሰው አላቋረጠኝም። አንደኛው ዳኛ ግን ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አይተዋል።

ለውሳኔ ቀጠሮ ተሰጠ። እስከዚያ ድረስ የበላሁት አይጥመኝም፣ ቅዳሴ ስገባም ድምፄን አላምነውም ነበር። ሕዝቡ መካከል ስልክ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ ተሰጠ። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛን የማዛወር መብት አለው፤ ነገር ግን የሚመደብበት ሥራ ሠራተኛው ሊሠራው የሚችለው መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ነበረበት፣ አላጣራም፤ ስለዚህ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመልሰው ይላል። ሰዓታቸውን ያዩት ዳኛ በሐሳብ ተለይተው ጻፉ። መሥሪያ ቤት ሠራተኛው የሚፈራውንና የማይፈራውን እየጠየቀ ሊተዳደር አይችልም አሉ። ሐሳባቸው ሲነበብ በጣም አልተቃወምኩትም። ከመሥሪያ ቤቱ ይግባኝ ይጠየቃል ብዬ ስጠብቅ ሳይጠየቅ ቀረ። ኃላፊው የላቦራቶሪውን ቁልፍ በሰው ላኩልኝ። እሑድ ቅዳሴ ላይ ስንተያይ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ፣ እኔም እንዲሁ። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

ወደ ላቦራቶሪው ስመለስ የባልደረባዬ ጋውን ከመስቀያው ላይ አልነበረም። በእኔ ቦታ መኪናው ላይ የተመደበችው እሷ ናት። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሄጄ ፈለግኋት፤ ፒካፑ አጠገብ ቆማ ከሹፌሩ ጋር ስለ ጉዞው ትነጋገራለች።

«አ... አንቺም አመልክቺ፣» አልኳት። «ሕ... ሕፃን ልጅ አለሽ።»

«ተው ባክህ። እኔ ማውራት እወዳለሁ፣ አንተ አታውቅም እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «መንገዱን ግን እፈራዋለሁ። እሱን ደግሞ በችሎት የሚያስቀርልኝ የለም።»

ስለ መንገዱ የምላት ስላልነበረኝ የማውቀውን ነገርኳት።

«መ... መጀመሪያ ሰላም በያቸው። ከዚያ ስለ ውሃ ነው የመጣሁት በያቸው። ሌላው ከዚያ ወዲያ ይደርሳል።»

«እሺ፣» አለችኝ፣ ልክ እንደ ድሮው እስክጨርስ ጠብቃ።

የመጀመሪያ ጉዞዋ ወደ ጉንደ ወይን ነበር። ጠዋት ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ቀኑን ሙሉ ስልኳን እሞክራለሁ፣ አይሠራም። ናሙና እያየሁ ውጤቱን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ጻፍኩ፣ ሰርዤ እንደገና ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ልጇን የሚጠብቁት እናቷ ደውለው፣ «ሰማህ ወይ?» አሉኝ። «አ... አልሰማሁም፣ ይመጣሉ፣» አልኳቸው፤ እንደሚመጡ ግን አላውቅም ነበር።

ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ከወጣ በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«እየተመለስን ነው፣ ደጀን ደርሰናል፣» አለች። ከኋላዋ የጭነት መኪና ጡሩምባ ይሰማል። «ሻይ እየጠጣን ነው። ሰዉ ቆሞ ሰማኝ። ለእማዬ ንገርልኝ፣ ካርዴ ሊያልቅ ነው።»

እሺ ለማለት አፌን ስከፍት ስልኩ ተቋረጠ። ጠርሙሶቹን አጥቤ በመደርደሪያው ላይ ደፋኋቸውና ወደ እናቷ ደወልኩ።